ጠጠር በዶላር

ስደት ሰው ላይ የማያወጣው አመል የለም። አገሩ ሳለ ውሻ ሲያይ ድንጋይ የሚያነሳው ሰው እዚህ ለውሻው የልደት ኬክ ይገዛል። ብርድ ሲነካው ጋቢ ላይ ጋቢ ይደርብ የነበረው ወዳጄ ዛሬ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ከፍሎ ተራራ ይወጣል። እኔ ደግሞ ወርቅ ፍለጋ ጀመርኩ።

ለእንጀራ እንዳይመስላችሁ። እንጀራዬን የምበላው ኡበር ነድቼ ነው። ወርቁ ለመዝናኛ ነው። ይህን «ለመዝናኛ» የሚሉትን ነገር ደብረ ማርቆስ ላለችው እናቴ በስልክ ላስረዳት የሞከርኩበትን ቀን አልረሳውም።

«ወርቅ ትፈልጋለህ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ቸግሮህ?»

«ኧረ አልቸገረኝም።»

«ታዲያ ታገኛለህ?»

«እምብዛም።»

ለጥቂት ጊዜ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ልጄ፣ የላክሁልህን ጠበል ግን ትጠጣለህ?» አለችኝ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ እርጥብ መቀመጫ ነው። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው፤ እንጀራው፣ ቡናው፣ ዕድሩና ሐሜቱ ሳይጎድል የሚገኝበት። ከእኛ ወደ ምዕራብ አርባ ደቂቃ ያህል ቢነዱ፣ ሮኪ ተራሮች እግር ሥር፣ ጎልደን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስሟን የሰማ ሁሉ በወርቅ የተሰየመች ይመስለዋል። የተሰየመችው ግን ቶማስ ጎልደን በሚባል ሰው ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ገና ከስሟ በተጠነቀቅኩ። በመሐሏ ክሊር ክሪክ የሚባል ወንዝ ይወርዳል። አንድ ቅዳሜ ከዚያው ከወንዙ ዳር አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጫንኩ። ቦቲው ውሃ ያንጠባጥባል፤ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ባልዲ ታቅፏል። መቀመጫዬን እያየሁ ልቆጣ ስል ከደረት ኪሱ ጣት የምታክል ብልቃጥ አወጣና በመስታወቱ በኩል አሳየኝ። ውሃ ሞልታለች፤ ከውሃው ሥር ቢጫ ፍርፋሪ ተኝቷል። ሲገለብጣት ፍርፋሪው እንደ አቧራ አልዋለለም፤ ዱብ ብሎ ወረደ።

«ከዚሁ ወንዝ ነው» አለኝ።

«ስንት ያወጣል?»

«የምሳ ያህል» ብሎ ሳቀ።

ያን ሳቅ ልብ ብዬ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ይህ ወግ ባልተጻፈ። ያን ቀን ጆሮዬ የገባው «ወንዝ» እና «ወርቅ» የሚለው ብቻ ነው።

ማታውኑ ወሬውን ለኢንጂነሩ አደረስኩ። ኢንጂነሩ የምንለው አብሮ አደጌ አርባ ምንጭ ውሃ ምህንድስና የተማረ ሰው ነው። እዚህ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ቧንቧው የሚያንጠባጥብበት ጎረቤት ካልሆነ በቀር አሥር ዓመት ሙሉ ስለ ውሃ ያማከረው ሰው የለም። እኔ ወንዝ፣ ጠጠር፣ ፍሰት እያልኩ ሳወራው ዓይኑ በራ። እስክሪብቶ አነሳና በናፕኪን ላይ ወንዝ ሣለ።

«ወርቅ ከውሃ 19 ጊዜ ይከብዳል» አለኝ። «ተራ አሸዋ ሦስት ጊዜ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወርቅ ሰነፍ መንገደኛ ነው። ወንዙ ሲቆጣ ተገፍቶ ይነሳል፤ ውሃው ትንሽ ደከም ሲል እዚያው ቁጭ ይላል። በመታጠፊያው ውስጠኛ ዳር፣ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ በአለት ስንጥቅ ውስጥ ፈልገው።»

ሳይንሱ ይህን ያህል ነው፤ በአንድ ናፕኪን አለቀ። ዕቃው ግን እስከ ዛሬም አላለቀም።

መጀመሪያ የገዛነው አንድ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳህን ብቻ ነበር። ስፋቱ 14 ኢንች፣ ዋጋውም 14 ዶላር፤ አንደኛው ጎኑ እንደ ገደላማ ማሳ እርከን ተሠርቶለታል። በአገራችን ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች የእንጨት ገበቴ ስለሚይዙ እኛም ስሙን ገበቴ አልነው። ባለቤቴ አገላብጣ አየችውና «ለሰላጣ ይሆናል» አለች። ያኔውኑ እሺ ብያት ቢሆን ብዙ ገንዘብ ይተርፈን ነበር።

የክሊር ክሪክ ውሃ ከተራራ በረዶ የሚቀልጥ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሞልቶ ይጮኻል፤ ጎደል ሲልም እጅ የነከሩበት እንደሆነ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ሦስት ሰዓት ሙሉ አጎንብሰን አጠብን። በመጨረሻ ገበቴው ውስጥ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ፤ ኢንጂነሩ ጮኸ። ብልጭታዋ ግን ከፍ ብላ ተንሳፈፈች፣ ጠርዙን ተሻገረች፣ ውሃው ወሰዳት። ከውሃ 19 ጊዜ የሚከብድ ነገር ዓይናችን እያየ ዋኝቶ ሄደ! ኢንጂነሩ አርባ ምንጭ የተማረውን ሁሉ የተጠራጠረው ያን ቀን ነው።

በኋላ እንደደረስንበት ጥፋቱ የቅባት ነበር። አዲስ የፕላስቲክ ሳህን ከፋብሪካ ሲወጣ ቅባት አይጠፋውም፤ የእኛም እጅ ጠዋት ጭኮ ሲዝቅ የዋለ ነው። እንደ ዱቄት የላመ ወርቅ ደግሞ ቅባት ካገኘ ውሃ ላይ እንደ ትንኝ ይቆማል። መድኃኒቱ ሳህኑን በዕቃ ሳሙና አጥቦ፣ በውሃውም ላይ አንዲት ጠብታ ሳሙና ጣል ማድረግ ነው። በቃ።

እኛ ግን ስንመለስ መኪና ውስጥ የሳሙና ነገር አልተነሳም። ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው በእጁ አያመካኝም፤ በዕቃው ነው የሚያመካኝ። «ወንፊት ስለሌለን ነው» አለ ኢንጂነሩ። «መምጠጫም የለንም» አልኩ እኔ። ኦሮራ እስክንገባ የጎደለን ነገር አሥር ደረሰ።

የዚህ መዝናኛ ዕቃ እንደ ጥንቸል ይዋለዳል። ወንፊት ገዛን፤ ወንፊቱ የተለካው ባልዲ አፍ ላይ እንዲገጥም ስለሆነ ባልዲ ገዛን። ባልዲው በጠጠር ሲሞላ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ጋሪ አስፈለገ። ጋሪ ሲገኝ ብዙ ጠጠር መጣ፤ ብዙ ጠጠር በገበቴ አላልቅ ሲል ስሉስ ተገዛ። ስሉስ ወንዝ መሐል ስለሚቀመጥ እስከ ደረት የሚደርስ የላስቲክ ሱሪ ግድ ሆነ። ሱሪው ስለሚያሞቅ ላብ መጣ፤ ላቡ ስለሚያስጠማ የቀዝቃዛ ውሃ ሳጥን። ሳጥኑ ባዶ ስለማይሄድ ጥብስ። ወርቅ ሳናገኝ ወንዝ ዳር ጥብስ መጥበስ ከጀመርን እነሆ ሁለት ሰመር አለፈ።

ስሉስ የምላችሁ ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ የአሉሚኒየም ቦይ ነው። ውስጡ እርከን እርከን አለው፤ ከእርከኑ ሥር ምንጣፍ ይነጠፋል። ጠጠሩ ከላይ ይጨመራል፤ ውሃው ቀላሉን ጠርጎ ይሄዳል፤ ከባዱ እርከኑ ሥር ይሸጎጣል። ሞተር የለውም፤ እኛ የምንሄድበት ቦታ ሞተር አይፈቀድም። ተዘጋጅቶ፣ ተስተካክሎ፣ እንደመጣ ወንዝ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ነው።

ኢንጂነሩ ግን ሌላ ሰው ጨርሶ የሠራው ነገር መኖሩን አያምንም። 130 ዶላር የተከፈለበት ስሉስ ገና ውሃ ሳይነካው ተፈታትቶ ጋራዤ ወለል ላይ ተዘረጋ። «አናቱ ላይ ያለው ምንጣፍ ጥቁርና ሸንተረር ያለው መሆን አለበት» አለኝ፤ «ቢጫ በጥቁር ላይ ወዲያው ይታያል። ቦታው ይረባ አይረባ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ሳንለፋ እናውቃለን።» ሐሳቡ አይነቀፍም። ጥቁርና ሸንተረር ያለው ጎማ የተገኘው ግን ከኡበሬ ወለል ላይ ነው። በዚያ ሳምንት ሦስት ተሳፋሪዎች መሐሉ በመቀስ የተቆረጠ ምንጣፍ ላይ እግራቸውን አሳርፈው ኮከብ ቀነሱብኝ።

ቀጥሎ እግር ተሠራለት፤ ከአሮጌ የካሜራ ማቆሚያ። ስሉስ በየአንድ ጫማ ርዝመቱ አንድ ኢንች ያህል መዘቅዘቅ አለበት። ከዚያ ከበዛ ውሃው ወርቁንም ይዞ ይነጉዳል፤ ካነሰ አሸዋው ተቆልሎ እርከኑን ይደፍናል። ኢንጂነሩ ዝቅዝቅታውን በስልኩ እየለካ ሁለት ሰዓት ተንበረከከ። ልክ አንድ ኢንች ሲሆን በደስታ እጁን አነሳ፤ ስልኩ ወንዝ ገባ። ስልክ ከወርቅ ይቀላል፤ እስኪ አንዱን አለት ተደግፎ ይቆማል ብለን እስከ ድልድዩ ድረስ ተከተልነው።

ከሁሉ ግን ጋሪው አይረሳኝም። ልጄ ካደገች ወዲህ የተቀመጠ የሕፃን ጋሪ ነበረን። ኢንጂነሩ መቀመጫውን አውልቆ፣ ብረት አግድሞ፣ ለሁለት ባልዲ የሚሆን ክብ ቆረጠለት። ጎማውን በብስክሌት ጎማ ለወጠው። ፀሐይ መከላከያው ጥላ ግን እንዳለ ቀረ፤ «ለምን ይጣላል?» አለ። አንድ እሑድ በወንዙ ዳር መንገድ ጠጠር ጭኜ ስገፋ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ፈገግ ብለው ቆሙ፣ ድምፃቸውን አለስልሰው «ስንት ወሩ ነው?» አሉና ጥላውን ገለጥ አደረጉ። እኔም ደንግጬ «ሠላሳ ኪሎ ነው» አልኳቸው።

ወጥ ቤቱም አልተረፈም። ከአለት ስንጥቅ ውስጥ ደለል ለመምጠጥ ባለቤቴ ዶሮ ስትጠብስ መረቁን የምትስብበት ባለ ላስቲክ መምጠጫ ወንዝ ወረደ። የካቻፕ ጠርሙሱ ታጥቦ የወርቅ መልቀሚያ ሆነ። ማንኪያ ጫፉ ተጠምዝዞ መፈልቀቂያ ሆነ። ባልዲ ቂጡ ተቆርጦ ብርጭቆ የመሰለ ፕላስቲክ ተለጠፈለትና የወንዝ ወለል መመልከቻ ተባለ፤ ውሃ ስለሚያስገባ እስካሁን ያየንበት የገዛ ጫማችንን ነው። ባለቤቴ ሹካ ስትፈልግ ወጥ ቤት ሳይሆን ጋራዥ መግባት ጀመረች።

በዚህ መሐል ኢንጂነሩ ታሪክ አነበበ። በ1858 ዴንቨር አጠገብ ጥቂት ወርቅ ተገኝቶ ሕዝብ ወደ ኮሎራዶ ሲጎርፍ፣ ጆርጅ ጃክሰን የሚባል ሰው በጥር 1859 ብቻውን ወደ ተራራው ዘለቀ። ዛሬ አይዳሆ ስፕሪንግስ በሚባለው ቦታ፣ ከእኛ መዋያ ሽቅብ፣ መሬቱ በውርጭ ድንጋይ ሆኖ ጠበቀው። እሳት አንድዶ አቀለጠው። በአደን ቢላዋው ቆፈረ። ከዚያ ውሃ በሚጠጣበት የብረት ኩባያ አጥቦ ወርቁን አገኘ። ቢላዋና ኩባያ! እኛ በሁለት መኪና ጭነን ስንሄድ የትራፊክ ፖሊስ ቤት የምንቀይር መስሎት ያሳልፈናል።

«ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይኼ ነው» አልኩት። «ሰውዬው በኩባያ ያገኘውን እኛ በዚህ ሁሉ ኮተት አጣነው።» ኢንጂነሩ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ትምህርቱ ገባው ብዬ ደስ አለኝ። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ «ኩባያው ስንት ኢንች ይሆን ነበር?» አለ። በሳምንቱ የብረት ኩባያ ይዞ መጣ። እርከን ቆርጦለታል።

በበረዶው ወራት ወንዙ ዳር ዳሩን ይጋግርና ሥራው ይቆማል። አመሉ ግን አይቆምም። ለዚህም ነጋዴ መላ አበጅቶለታል፤ ወርቅ አለበት የተባለ ጠጠር በከረጢት ታሽጎ በፖስታ ይሸጣል። ቤት ተቀምጦ፣ በሞቀ ውሃ፣ በመታጠቢያ ገንዳ ማጠብ ነው። አንድ ቀን ፖስተኛው ጎብጦ ከረጢት ተሸክሞ መጣ። ባለቤቴ በሩን ከፈተችለት።

«ምን አዘህ ነው?» አለችኝ።

«ጠጠር።»

«ምን?»

«ጠጠር። በ60 ዶላር።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ግቢያችንን በመስኮት አየች፤ ጠጠር የተነጠፈ ነው። ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ እንደገና ግቢውን አየች።

የብረት መፈለጊያው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛ እጅ፣ 320 ዶላር። እዚህ መናገር ያለብኝ፣ በክሊር ክሪክ የታችኛው ዳርቻ ያለው ወርቅ አብዛኛው ዱቄት ነው፤ እንዲህ ያለው መሣሪያ ደግሞ ዱቄት አይሰማም። ይህን የተረዳሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ያም ሆኖ ግቢያችን ውስጥ ልሞክረው አወጣሁ። ሚስማር፣ የቢራ ክዳን፣ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ እንደገና ሚስማር። ከዚያ ጽጌረዳው ሥር ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ብቆፍር ጉትቻ! ባለቤቴ ከሦስት ዓመት በፊት ጠፋብኝ ብላ ያለቀሰችበት፣ አገር ቤት ስሄድ ከሰው እጅ በርካሽ ገዝቼ «21 ካራት ነው» ብዬ የሰጠኋት ጉትቻ።

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ኢንጂነሩ እስኪመጣ ድረስ። «ትንሿን ሚዛን አምጣት እስኪ» አለኝ። መዘነው፤ 3.4 ግራም። በክር አንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ መዘነው፤ 0.4 ግራም ቀነሰ። ወርቅ ቢሆን፣ ያውም 21 ካራት፣ ከ0.2 ብዙም ባልቀነሰ። «ከውሃ 8 ጊዜ ተኩል ነው የሚከብደው» አለና ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ወንድሜ፣ ይኼ ነሐስ ነው።»

ጉትቻው መገኘቱን ለማንም አልነገርንም። ለልደቷ ደረሰኝ ያለው እውነተኛ ጉትቻ ገዛሁላትና «በጠፋው ምትክ» አልኳት። ይህ ወጪ ከዚህ በታች ባለው ሂሳብ ውስጥ የለም። እሷም ወግ ስለማታነብ አደራ።

ሂሳቡን ያወጣችው እሷው ናት፤ አንድ ማታ፣ ቡና እየተጠጣ፣ በእርጋታ። ገበቴ 14፣ ሁለት ወንፊት 48፣ ብልቃጥና መምጠጫ ከትንሿ ሚዛን ጋር 31፣ ስሉስ 130፣ የላስቲክ ሱሪ 95፣ አካፋና መቆፈሪያ 42፣ ባልዲ 20፣ ጠጠር 60፣ መፈለጊያ 320። ድምር 760 ዶላር፤ ቤንዚኑን፣ ሥጋውንና የኢንጂነሩን ስልክ ሳይጨምር። በሁለት ሰመር ያገኘነው ወርቅ ደግሞ 0.4 ግራም ነው። የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ 3,000 ዶላር ያለፈው በዚያው ዓመት፣ በ2025 መጋቢት ስለሆነ የእኛዋ ቅንጣት 40 ዶላር ገደማ ታወጣለች ተባለ። 760 ለ40 ሲካፈል 19።

«አየሽ!» አለ ኢንጂነሩ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ወርቅ ከውሃ የሚከብደውም ልክ 19 ጊዜ ነው!» ባለቤቴ ሲኒዋን አስቀመጠች።

ዴንቨር መሐል ያለው የግዛቲቱ ምክር ቤት ጉልላት በወርቅ የተለበጠ ነው፤ መጀመሪያ የተለበጠው በ1908 ነው። ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት እንደገና ሲለበጥ ያ ሁሉ ጉልላት የወሰደው 65 አውንስ ወርቅ፣ ሁለት ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ተሳፋሪ ይዤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አሰላለሁ። በእኔና በኢንጂነሩ ፍጥነት ያን ጉልላት ለመለበጥ 10,000 ሰመር ይበቃናል። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ፣ የአክሱም ሰዎች ሳሱ ወደሚባል አገር በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው እየወረዱ ግብጦ የሚያክል ወርቅ ይለውጡ እንደነበር ጽፎ ትቷል። ግብጦ! የእኛን ወርቅ ከጤፍ አጠገብ ብታስቀምጡት ጤፉ ራሱ ግብጦ ይመስላል።

እናቴ ልትጠይቀን የመጣችው ነገሩ እዚህ በደረሰበት ወቅት ነው። በመጣች በመጀመሪያው እሑድ ጠዋት የላስቲክ ሱሪዬን ይዤ ስወጣ «ወዴት ነው?» አለችኝ። «ወደ ስሉስ» አልኳት ሳላስበው። ፊቷ በራ፤ አማተበች። «ሥሉስ ቅዱስ ይከተልህ! አሜሪካ ገብቶ ሃይማኖቱን ረሳ ያሉኝ ሁሉ አፈሩ። ቆየኝ፣ ነጠላዬን ልልበስ።» ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ እውነቱን ልንገራት? ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጋሪና ባልዲ መሐል ተቀምጣ፣ እስከ ጎልደን ዳዊቷን ስትደግም ሄደች።

ወንዙ ዳር ደርሰን ጉዱን ስታይ ምንም አልተናገረችም። አንድ ለስላሳ ድንጋይ መርጣ ተቀመጠችና እኔ ገበቴውን ስወዘውዝ ለብዙ ጊዜ አየችኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እያጠብኩ ነዋ።»

«እየናጥህ ነው። ቅቤ ልታወጣበት ነው? አምጣው ወዲህ።»

ገበቴውን ተቀበለችኝና ሰፌድ እንደሚያዝ ያዘችው። ግራና ቀኝ ዘርዘር፣ በመዳፏ ጠርዙን መታ መታ አደረገችው፤ ከባዱ ወደ ታች ወረደ። ውሃ አስገብታ አንገዋለለችው፤ ቀላሉ በጠርዙ በኩል እየሳሳ ወጣ። ሰባ ዓመት ጤፍና ምስር ያንገዋለለ እጅ ነው። አሸዋው ሄደ፤ ጥቁሩ አሸዋ ቀረ፤ ጥቁሩም ወደ ዳር ሲሸሽ ከኋላው ሦስት ቢጫ ነጥቦች ተሰልፈው ቀሩ። ኢንጂነሩ ከነሱሪው ተንበረከከ።

«እማማ፣ ማን አስተማረዎት?»

«ምስር» አለችው።

ከዚያ ገበቴውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሦስቱን ነጥቦች እያየች ዝም አለች። «የአክስትህ ልጅ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «አሶሳ በኩል ወርቅ ሊያጥብ ሄዶ ወባ ይዞ ተመለሰ። ጓደኛውን ጉድጓድ ተደርምሶበት እዚያው ቀብሮ። እሱስ ከችግር ሊያመልጥ ነው። አንተ ከምን ልታመልጥ ነው?»

የምመልሰው አልነበረኝም። ወንዙ ብቻ ይጮኻል። መልሱ ከኢንጂነሩ መጣ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የስሉሱን እግር እያሸ፤ «እኔ ከፎርክሊፍት ነው፣ እማማ» አላት። ፎርክሊፍት ምን እንደሆነ እናቴ አታውቅም። ግን ወደ ስሉሱ ዞር ብላ የካሜራውን እግር፣ የተቆረጠውን ምንጣፍ፣ በልክ የተዘቀዘቀውን ቦይ አንድ በአንድ አየች። «አንተ ነህ የሠራኸው?» አለችው። «አዎ» አላት። «እጅህ ይባረክ» አለችና ገበቴውን ለእኔ መለሰችልኝ። «በል እንግዲያው በደንብ አንገዋልል።» እኔ ለሁለት ሰመር ወርቅ ስንፈልግ የከረምን መስሎኝ ነበር። ኢንጂነሩ ሲፈልግ የከረመው ያቺን ምርቃት ኖሯል።

ምርቃቱ አለቀና እናቴ እንደኛው ሆነች። ወንፊቱን አነሳች። የማይዝግ ሽቦ፣ ጠንካራ ጠርዝ፣ በባልዲ አፍ ላይ ልክ የሚገጥም። በጣቷ ዳሰሰችው፣ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፤ ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን ነገር በመስታወት የራሴ ዓይን ውስጥ አውቀዋለሁ። «ይኼ ለበርበሬ ነው የተሠራው» አለች።

ስትመለስ አየር ማረፊያ ሻንጣዋ ተመዘነ፤ ከተፈቀደው 23 ኪሎ በለጠ። አንድ ነገር ይውጣ ተባለ። የገዛሁላት አዲስ ጫማ ወጣ። ወንፊቱ ሄደ። የሁለት ሰመር ወርቃችንን በብልቃጥ አድርጌ ሰጥቻት መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች፤ እሱን ማንም አልመዘነውም።

በወሩ ደወለች። ወንፊቱ በርበሬ ነፍቷል፣ ሽሮ ነፍቷል፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ «የወርቅ ወንፊቱን አውሱን» እያለ ተራ ይዟል። ብልቃጡም ሙዳይ ውስጥ ሆኖ ለእንግዳ ይታያል። «ልጄ አሜሪካ ወርቅ ያወጣል እላቸዋለሁ» አለችኝ፤ «ውሸት ነው እንዴ?» አይደለም ማለት አልቻልኩም። «እንግዲያው ሁለተኛውን፣ ቀዳዳው ደቀቅ ያለውን ላክልኝ፤ ለቡላ ይሆናል።» ላክሁላት። ለራሴም በምትኩ አንድ አዘዝኩ፤ ሁለት ሲገዙ ቅናሽ ስላለው ሁለት።

ብዙም ሳይቆይ ስድስት ዓመት ደውሎ የማያውቅ አጎቴ ደወለ። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፣ ስለ ልጄ ጠየቀ፣ ስለ አየሩ ጠየቀ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «የወርቁ ሥራ ጥሩ እንደሆነ ሰማን፤ እስኪ ትንሽ ብታበድረኝ» አለ። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይላል ያገሬ ሰው፤ አበዳሪ ወርቁን ሰጥቶ ጠጠር ይዞ እንደሚቀር ሲያስጠነቅቅ። እኔ ግን ሳላበድር ጠጠሩን ቀድሜ ተቀብያለሁ፤ ያውም በፖስታ ቤት በኩል፣ በ60 ዶላር።

«ጋሼ፣ ወርቁ አልቋል» አልኩት። «ከጠጠሩ ልላክልዎት? የተገዛ ነው።»

ለጥቂት ጊዜ ድምፅ ጠፋ።

«ልጄ» አለኝ በመጨረሻ፣ «እናትህ የላከችልህን ጠበል ግን ትጠጣለህ?»